የሽቦው ንድፍ የታለ?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ እንዳንኳረፍ። የድሮ ካምፐር ቫን ላይ ሞተር መቀየር ነውር አይደለም። ነውሩ ቀይሮ ዝም ማለት ነው።

የኔዋ የ1987 ቮልስዋገን ቫናገን ናት፤ ጣሪያዋ ወደ ላይ የሚከፈት፣ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ዌስትፋሊያ የሚሏት ዓይነት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስገዛት ከኋላ ፍራሹ ሥር የተቀመጠው ሞተር የ1992 ሱባሩ ሌጋሲ ነበር፤ ባለ 2.2 ሊትሩ።

«ኦርጅናሉ ከወጣማ ምኑን ቮልስዋገን ሆነች» የሚሉ አሉ። እስቲ ኦርጅናሉን እንየው። ፋብሪካው የገጠመላት ባለ 2.1 ሊትር ሞተር ጉልበቱ ከ100 ፈረስ በታች ነው፤ ቤት ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ መኪና ይህ ቀልድ ነው። ቴስታታው ጋ ያለው የጎማ ጋስኬት ውሃ ማንጠባጠብ ልማዱ ነው፤ ብረቱ ይበላና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሱባሩው ደግሞ 130 ፈረስ ገደማ አለው። እንደ መጀመሪያው ሞተር ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ የተኙ ስለሆነ እዚያው ቦታ ይገባል። የዚያ ዘመን ምርት ላይ የታይሚንግ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። በቃ፣ የተሻለ ነው። የናፍቆት ጥያቄ ካልሆነ በስተቀር ክርክሩ አልቋል።

ጠቤ ከሌሎቹ ጋር ነው። «ገጥመህ መንዳት ብቻ ነው» እያሉ ቪዲዮ ከሚሠሩት፣ ከዚያም ከሚሸጡት ጋር።

ሞተሩ ይገጠማል፤ እሺ። ሽቦውስ? የሱባሩው ኮምፒውተር ያለ ሴንሰሮቹ አይሠራም። ስለዚህ የሌጋሲው ሽቦ ተገፎ፣ የማያስፈልገው ተቆርጦ፣ የቀረው ከቫኗ ሽቦ ጋር ይቀጠላል። የቱ ከየት እንደተቀጠለ የሚያውቀው የቀጠለው ሰው ብቻ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ራዲያተሩ ግን ከፊት፤ መሃላቸው ሙሉ የመኪናው ርዝመት አለ። እኔ የገዛኋት ቫን ውስጥ ደግሞ የተጨመረው ሽቦ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ቀይ ነው። ሁሉም! ሰውየው አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ በቅናሽ አግኝቶ ይሆናል፣ እንጃ።

ነሐሴ ላይ እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ወደ ሰሜን ይዣት ስሄድ ግሬፕቫይን ላይ ቆምን። ከሎስ አንጀለስ ወደ ቤከርስፊልድ የሚወስደው ረጅሙ ዳገት ነው። ከባድ መኪኖች ኋላ እየተንፏቀቅን ሳለ የሙቀቱ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ወጥቼ ባዳምጥ የራዲያተሩ ፋን አይዞርም። እማዬ የደም ግፊት አለባት። መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዛ ተቀመጠች፤ ውሃችን አንድ ጠርሙስ ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው ጎታች መኪና የደረሰልን።

«ልጄ፣ ሊብሬው ላይ አልተጻፈም?» አለችኝ።

እኛ አገር ሊብሬ ላይ ቢያንስ የሞተር ቁጥር ይጻፋል። እዚህ ካሊፎርኒያ ደግሞ ሪፈሪ የሚባል መርማሪ አለ፤ የገባው ሞተር ከመኪናው ዓመተ ምርት የማያንስ መሆኑንና የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃው መሟላቱን አይቶ ምልክት ይለጥፋል። ጥሩ ነው። ግን መንግሥት የሚጠይቀው ስለ ጭሱ ነው። ፋኑ በየት በኩል እንደሚነሳ የመንገር ግዴታ ያለበት ሰው የለም።

የቮልስዋገን ጋራዥ ስወስዳት «ይሄ ሱባሩ ነው» አሉኝ። ሱባሩ የሚሠሩት ጋ ስሄድ «ይሄ ቮልስዋገን ነው»። (አውቃለሁ፣ ከዚህ የስደተኛ ሕይወት ምሳሌ ልታወጡ ነው። ተዉ እባካችሁ፤ ስለ መኪና ነው የማወራው።) በመጨረሻ በሰዓት የሚያስከፍል ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን አንድ በአንድ ሲከተል ዋለ። ችግሩን ከሾፌሩ ወንበር ሥር አገኘው፦ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ፣ ውስጡ ዝጎ አረንጓዴ የሆነ። የጥገናው ዕቃ ሦስት ዶላር አይሞላም። የከፈልኩት ለፍለጋው ነው፤ ያ ሰው አሥር ደቂቃ ወስዶ አንድ ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ ኖሮ የማልከፍለውን።

ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው፣ አልዋሸኝም። «ትዝ አይለኝም፤ ግን እኔ ጋ እያለች ትሠራ ነበር» አለኝ። እጁ ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ሞተሩን የገጠመበት ሥራ ንጹሕ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያን ያህል የሚችል ሰው ቫኗ ከእሱ በኋላ የሌላ ሰው እንደምትሆን እንዴት አላሰበም? እሷ ውስጥ እኮ ሰው ይተኛል፣ ሰው እናቱን ይጭናል።

ስለዚህ ቫን ልትገዙ ስትሄዱ «ስንት ፈረስ አለው?» አትበሉ። የሽቦው ንድፍ የታለ በሉ። የለም ካላችሁ ዋጋውን አስቀንሱ፤ ከሳቀባችሁ ጥላችሁ ሂዱ። የምትቀይሩም ካላችሁ ቴርሞስታቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሪሌ የት እንደተደበቀ፣ ቺንጋው በስንት ኪሎሜትር እንደተቀየረ ጻፉ። በአማርኛም ቢሆን ጻፉ፤ የሚያስተረጉም አይጠፋም።

እኔ አሁን ደብተር አለኝ፣ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ። ቀዮቹን በሙሉ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ቀይ ያልሆነው አንዱ አረንጓዴ ሽቦ ግን ወዴት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ገጽ 4 ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «አረንጓዴ፣ ከቀኝ 3ኛው። አይታወቅም። እንዳትቆርጡት።»