ከሥራ አጥ ኪስ የሚያድግ ኤጀንሲ

ጠዋት መገናኛ ከታክሲ የወረደ ሰው ብዙ ሳይራመድ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያገኛል። «አስቸኳይ የሥራ ማስታወቂያ! ከ10ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ፣ በዜሮ ዓመት ልምድ፣ ፆታ አይለይም፣ ደመወዝ ማራኪ» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የቀጣሪው ስም የለም፤ ሥራው ምን እንደሆነም አልተጻፈም። ሲደወል አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ልጅ ታነሳና «ቢሮ ይምጡ፣ የትምህርት ማስረጃዎን ይያዙ፣ ትንሽ የመመዝገቢያ ብር አለች» ትላለች። ማታ ያው ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። እዚያ ቢሮ መሄድም አያስፈልግም፤ በቴሌብር ልኮ ስክሪንሾቱን መላክ ይበቃል።

ስለ ማጭበርበሩ ብዙ ተወርቷል። ስለ ንግዱ ግን የሚያወራ የለም። ሠራተኛና አሠሪ ማገናኘት ትልቅ ሥራ ነው። ፋብሪካው ሰው አጣሁ ይላል፣ ሆቴሉ ሰው አጣሁ ይላል፣ ምሩቁ ደግሞ ሥራ አጣሁ ይላል። በመሃል ያለው ክፍተት የብዙ ድርጅቶች እንጀራ መሆን ነበረበት። ነገር ግን «ኤጀንሲ» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ፊት የሚያስጠቁር ስም ሆኗል። ጥሩ ቀጣሪ ሰው ሲፈልግ ለኤጀንሲ አይደውልም፤ ለአጎቱ ልጅ ይደውላል። ለምን?

መልሱ አንድ ጥያቄ ውስጥ ነው። ከፋዩ ማን ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ማለትም በአሁኑ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ማለት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎት የሚሰጥ ነው። ክፍያ አለመቀበሉ ትርጉሙ ውስጥ ነው የገባው። «መመዝገቢያ»፣ «ፎርም»፣ «የፋይል መክፈቻ» ቢባል ለውጥ የለውም፤ በተዘዋዋሪ የሚለው ቃል የተጻፈው ለዚሁ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም መርሁ ይኸው ነው።

ሕጉ እንዲህ ያለው ለድሃ አዝኖ ብቻ አይደለም። ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበል ንግዱን ከሥር የሚያበላሽ መሆኑን ዓለም አስቀድሞ አይቶታል።

በ1909 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን በምትባል ከተማ፣ የጫካና የባቡር ሐዲድ የቀን ሠራተኞች አደባባይ ወጥተው በመቶዎች ታሰሩ። ከቁጣቸው መነሻ አንዱ «የሥራ ሻርክ» ብለው የሚጠሩት ደላላ ነበር። ደላላው ከሠራተኛው ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ሥራ ቦታ ይልከዋል። እዚያ ያለው ፎርማን ደግሞ ትንሽ ቀን አሠርቶ ያባርረዋል። ለምን ቢባል፣ ባባረረ ቁጥር ሌላ ከፋይ ስለሚመጣ፣ ክፍያውንም ከደላላው ጋር ስለሚካፈል። ሠራተኞቹ በምሬት ሲቀልዱ ሁልጊዜ ሦስት ቡድን አለ ይሉ ነበር፦ አንዱ እየሠራ፣ አንዱ ተባሮ እየሄደ፣ ሌላው ከፍሎ እየመጣ። በ1914 የግዛቲቱ ሕዝብ ከሠራተኛ ክፍያ መቀበልን በድምፁ ከለከለ። በ1917 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ነገር ግን ዛሬ በዚያው አገር ለባለሙያ ቅጥር ኮሚሽን የሚከፍለው በአብዛኛው ቀጣሪው ነው። ንግዱ ያደገውም በዚህ መንገድ ነው።

ነገሩ ሩቅ የሚመስለው አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ፈልጎ የማያውቅ ብቻ ነው። ደላላው ከእመቤቲቱም ከልጅቷም ይቀበላል። ወር ከምናምን ሲሆነው ለልጅቷ ይደውልና «የተሻለ ቤት አግኝቼልሻለሁ» ይላታል። ልጅቷ ትወጣለች። እመቤቲቱ እንደገና ትደውላለች። ደላላው ሁለት ጊዜ ተከፈለው፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ባሉበት ናቸው። ደላላው ክፉ ሰው ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ገቢው የተሠራው ሰው እንዲቆይ ሳይሆን እንዲንቀሳቀስ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሁለት ኤጀንሲ አለ እንበል። የመጀመሪያው ከ1,000 ሥራ ፈላጊዎች 300 ብር እየተቀበለ 300,000 ብር ይሰበስባል። አንድም ሰው ባያስቀጥር ገንዘቡ ገብቷል። ሁለተኛው ከሥራ ፈላጊ አምስት ሳንቲም አይነካም፤ 10 ሰው አስቀጥሮ ከየቀጣሪው 15,000 ብር፣ በድምሩ 150,000 ብር ያገኛል። በዚህ ዓመት ብልጡ የመጀመሪያው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ግን የመጀመሪያው ሌላ 1,000 ሰው መፈለግ አለበት። ያለፈው ዓመት 1,000 ሰዎች ዝም አላሉም፤ ለጓደኛ፣ ለእህት፣ ለሰፈር ነግረዋል። ስለዚህ የቢሮውን ስም ይቀይራል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ ይዛወራል። ስሙን በየዓመቱ የሚቀይር ድርጅት ደግሞ አያድግም፤ ሁልጊዜ አዲስ ነው። የሁለተኛው ቀጣሪዎች ግን ሰውየው ከቆየላቸው ራሳቸው ይደውላሉ። ያስቀጠራት ጀማሪ አካውንታንት ከአምስት ዓመት በኋላ የፋይናንስ ኃላፊ ሆና ሰው ስትፈልግ ማንን ታስታውሳለች? ይህን ማስታወቂያ ምንም ብር አይገዛውም።

እዚህ ላይ የኤጀንሲ ባለቤቶች ፍትሐዊ አቤቱታ አላቸው። «ቀጣሪ አይከፍልም» ይላሉ። እውነት ነው። ሲቪውን ተቀብሎ፣ ሰውየውን በጓሮ ደውሎ የሚቀጥር ድርጅት ሞልቷል። ኮሚሽኑን ለሦስት ወር የሚያንገላታም አለ። የቢሮ ኪራይ ግን ወር አይጠብቅም። ሥራ ፈላጊው በእጁ ጥሬ ብር ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ቀጣሪው ደግሞ «ሰኞ ተመለስ» ይላል። ብዙዎች የተሳሳተውን በር የመረጡት በክፋት ሳይሆን በዚህ ጫና ነው።

ጫናው ግን መፍትሔ አለው፤ መፍትሔውም ውል ነው። ስም ከመላኩ በፊት የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋል። በኤጀንሲው በኩል የተዋወቀን ሰው ቀጣሪው በአንድ ዓመት ውስጥ በየትኛውም መንገድ ከቀጠረ ክፍያው ይፈጸማል የሚል አንቀጽ ይገባበታል። ከሥራው መጀመሪያ ላይ ከክፍያው የተወሰነው ቀድሞ ይሰጣል። ይህን የማይፈርም ቀጣሪ ደንበኛ አይደለም፤ ሲቪ ለቃሚ ነው።

ቀጣሪውም በምላሹ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ ዋስትና። ሕጉ ለሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ አሥር ሳምንት ነው። «ያመጣሁት ሰው በ60 የሥራ ቀን ውስጥ ቢወጣ ወይም ባይሆን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ አመጣለሁ» የሚል ኤጀንሲ ከማንም ፖስተር በላይ ይሰማል። ይህን ለማለት የሚችለው ግን ሰውን ጠይቆ፣ የቀድሞ አለቃውን አነጋግሮ፣ ሥራውን ራሱ ሄዶ አይቶ የላከ ብቻ ነው። 300 ሲቪ በኢሜይል ገልብጦ የሚልክ አይደፍረውም።

ብዙ ኤጀንሲዎች ማርኬቲንግ የሚሉት የሥራ ፈላጊ ብዛት መሰብሰብን ነው። ቻናሉ 50,000 ተከታይ አለው፣ ዳታቤዙ ውስጥ ይህን ያህል ሲቪ አለ ይላሉ። ሥራ ፈላጊ መሰብሰብ ግን እዚህ አገር ከባድ ሆኖ አያውቅም። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የቅጥር ገጹን እያገላበጠ የሚውለው ወጣት ከማንኛውም ዳታቤዝ በፊት ነበር። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ምን ዓይነት ሰው እንደቸገረው ማወቅ፣ ባለፈው የቀጠረው ለምን እንደወጣ መጠየቅ፣ የሚከፍለው ደመወዝ ከገበያው በታች ከሆነ ፊት ለፊት መንገር። በሳምንት አምስት እንዲህ ያለ ቀጣሪ በር የሚያንኳኳ ኤጀንሲ አምስት ሺህ ወረቀት ከሚለጥፈው ቀድሞ ይደርሳል።

ሁሉን አቅራቢ መሆንም ሌላው ስሕተት ነው። ከዘበኛ እስከ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ከሞግዚት እስከ መሐንዲስ የሚል ታፔላ ማንንም አያሳምንም። የሆቴል ሰው ብቻ፣ የጋርመንት ሱፐርቫይዘር ብቻ፣ የሒሳብ ባለሙያ ብቻ ይዞ የተነሳ ድርጅት ዘርፉን ያውቃል፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን ማን ሥር እንደማይቆይ ያውቃል። ቀጣሪ የሚከፍለው ለዚህ ዕውቀት ነው።

አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ንግድ ደግሞ ሠራተኛን ራስ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ማሰማራት ነው። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጥበቃና ጽዳትን በዚህ መንገድ ያሠራሉ። ሕጉም ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በተደጋጋሚ የሚያሰማው አቤቱታ ግን የታወቀ ነው፤ ተጠቃሚው ድርጅት ለአንድ ሠራተኛ የሚከፍለውና ሠራተኛው እጅ የሚገባው አይገናኝም።

እዚህም ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ጥበቃ 5,000 ብር ደመወዝ ይከፈል ቢባል፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 550 ብር ይጨምራል። 5,550 ደረሰ። በመጀመሪያው ዓመት የሚገባው 16 የሥራ ቀን ዕረፍት አለ፤ ያን ጊዜ የሚተካው ሰው ይከፈለዋል። ደንብ ልብስ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ቢሮ አለ፣ ትርፍ አለ። ታዲያ በ5,600 ብር ተጫርቶ ያሸነፈ ኤጀንሲ ቀሪውን ከየት ያመጣዋል? ከደመወዙ፣ ከጡረታው ወይም ከዕረፍቱ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን አሸናፊ ያደረገው የግዥ ኮሚቴም ይህን ሳያውቅ አይደለም። «እኛ የከፈልነው ለኤጀንሲው ነው» ማለት እጅ መታጠብ ነው። ጥበቃው ሌሊቱን የሚያድረው የእነሱ ካዝና በር ላይ መሆኑን ግን መርሳት የለባቸውም።

«ሥራ ፈላጊው ወዶ ነው የሚከፍለው፤ ማን አስገደደው?» የሚሉ አሉ። ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ፣ እናቱ ከዕቁብ ያወጣችውን ብር ይዞ ሲመጣ ወዶ ነው ማለት ይከብዳል። ቢወድም እንኳ የገዛው ምንድን ነው? ሥራ አይደለም፤ ተስፋ ነው። ከዚያ ለኢንተርቪው ይላካል፣ ክፍት ቦታ የሌለበት ድርጅት ደጃፍ ተሰልፎ ይመለሳል። እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይሉታል ይህን።

ዘርፉ በዚህ ከቀጠለ የሚደርስበትን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዐረብ አገራት የሚደረገውን የሥራ ስምሪት ሙሉ በሙሉ ሲያግድ፣ የተዘጋው የአጭበርባሪው ቢሮ ብቻ አልነበረም። በሕጉ የሚሠራውም አብሮ ተዘጋ፤ ዓመታትም ጠበቀ። መሄድ የፈለገውም አልቀረም፤ በሕገወጥ መንገድ ሄደ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ያደረገው ከዚያ ሁሉ እንግልት በኋላ ነው። ጥቂቶች ሲያበላሹ ዝም ያለ ዘርፍ ቅጣቱን አብሮ ይቀበላል።

ስለዚህ ሐቀኛ ኤጀንሲዎች ዝምታቸውን መተው አለባቸው። በራቸው ላይ «ከሥራ ፈላጊ ክፍያ አንቀበልም» ብለው በትልቁ ይጻፉ። በየዓመቱ ስንት ሰው እንዳስቀጠሩ፣ ከነዚያም ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ ሥራው ላይ እንዳለ ያውጡ። ለማያልፍ አመልካች አጭር መልስ ይስጡ፤ «አልሆነም» የሚል አንድ መልእክት ወጪው ምንም ነው፣ ክብሩ ግን ትልቅ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካልም ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች ዝርዝር ማንም በስልኩ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ያውጣ፤ ገንዘብ የተቀበለውንም ስሙን ጠርቶ ፈቃዱን ይንጠቅ።

ነገ ጠዋት ደግሞ መገናኛ ምሰሶው ላይ ሌላ ወረቀት ይለጠፋል። ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው አንድ ነገር ይንገራቸው። የቀጣሪው ስም ያልተጻፈበትን ማስታወቂያ ይለፉት። ቢሮ ገብተው ገና ከመቀመጣቸው ብር ከተጠየቁ ሰነዳቸውን ይዘው ይውጡ። እዚያ ቤት የሚሸጠው ዕቃ እነሱ ራሳቸው ናቸውና።