ለቆራሌው አትስጡት!
በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የለበሰውን ባለቫልቭ ራዲዮ «አርጅቷል» ብሎ ለቆራሌው መስጠት፣ በእኔ እምነት፣ የማስተማሪያ መሣሪያ መጣል ነው። የእጅ ስልክ ቢፈታ ተማሪው ምን ያያል? ምንም! እዚህ ግን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈለሰፈው የመስታወት ቱቦ ዝርያ ውስጡ ሲግል፣ ክሩ ሲቀላ በዓይኑ ያያል። ጣቢያ መፈለጊያው ሲዞር የኮንደንሰሩ ስስ ብረቶች እርስ በርስ ሲጠላለፉ ያያል።

ታዲያ ዕጩ መምህራን፣ አገኘን ብላችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት! ያረጁ የወረቀት ኮንደንሰሮች ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ፤ ራዲዮውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ከተነቀለም በኋላ የማጣሪያው ኮንደንሰር ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይፍታው።

ደግሞስ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ኮንደንሰሩ እንጂ ቫልቩ አይደለም፤ «ዕቃው ጠፍቷል» የምትለዋ ሰበብ እዚህ ብዙም አትሠራም።