ደም ላነሰው ሰው ስለሚሰጠው የብረት ክኒን

ደም ማነስ ወደ ቤት የሚገባው ድምፁን አጥፍቶ ነው። አስቀድሞ ዳገት ሲወጡ ልብ ይመታል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ የማይሽረው ድካም፣ ከዚያም የፊትና የጥፍር መንጣት ይመጣል። የቤት እመቤት ግን ይህን ሁሉ የሥራ ብዛት ነው ብላ ታልፈዋለች፤ ነፍሰ ጡር እንደ ሆነችም ድካሙን ከእርግዝናው ቆጥራ ዝም ትላለች። በዚህ ወር የምንናገረው ግን ስለ በሽታው ሳይሆን፣ ሐኪም ካዘዘው በኋላ በብዙ ቤት በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ስለሚቀረው ክኒን ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በቅርብ የምናውቃት የአንዲት እናት ነገር ነው። በአምስተኛው ወር እርግዝናዋ ከጤና ጣቢያ የብረት ክኒን ተቀብላ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሰገራዋ እንደ ከሰል ጠቆረ። አንጀቴ ደማ ብላ ደነገጠች፤ ለማንም ሳትናገር ክኒኑን ተወችው። በወለደች ጊዜ የፈሰሳት ደም ለሌላዪቱ እናት ብዙ የሚባል አልነበረም፤ ለእርሷ ግን ፊትም የተረፈ ደም አልነበራትምና ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት በጭንቅ ተረፈች። የሰገራው መጥቆር ሰውነት ያልወሰደው ብረት ሲወጣ የሚያሳየው መልክ ብቻ እንደ ሆነ አስቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። ሰገራው እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው፣ ወይም ከሆድ ቁርጠት ጋር የመጣ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነውና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ወደ ምርጫው እንመለስ። በመድኃኒት ቤት በብዛት የሚገኙት ፌረስ ሰልፌት፣ ፌረስ ፉማሬትና ፌረስ ግሉኮኔት የሚባሉት ናቸው። በእሽጉ ላይ የተጻፈው ሚሊ ግራም ሁሉ ብረት አይደለም፤ ብረቱ ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ የተሠራ ነውና። 325 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት 65 ሚሊ ግራም ያህል ንጹሕ ብረት ይዟል፤ 300 ሚሊ ግራም ግሉኮኔት ግን ወደ 35 ብቻ ነው። እንግዲህ ሰልፌቱ ሆዷን ያወካት እኅት ወደ ግሉኮኔት ብትዛወር የሚቀልላት በአብዛኛው የብረቱ መጠን ስላነሰ ነው እንጂ መድኃኒቱ የተለየ ጥበብ ስላለው አይደለም። ለነፍሰ ጡሮች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው። በዋጋ የከበደው ሁሉ የተሻለ እንዳይመስለን። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ ተለብጦ የተሠራው ክኒን ሆድን ባያስቸግርም፣ ብረት በሚገባ የሚመጠጥበትን የትንሹን አንጀት መጀመሪያ አልፎ ሊሟሟ ስለሚችል ጥቅሙ ያንሳል። ከባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን በፍቅር የሚልኩልን እንደ ከረሜላ የሚታኘክ ቫይታሚንም ብዙውን ጊዜ ብረት የለበትም፤ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ስለ ጾም የሚጠነቀቁ ሰዎች ደግሞ ከእንስሳ በሚገኝ ጄላቲን የተሸፈነውን ትተው ደረቁን ክኒን መጠየቅ ይችላሉ።

አወሳሰዱ ላይ ግን የእኛ ቤት ልማድ ፈተና ይሆናል። ብረት በባዶ ሆድ ሲወሰድ በይበልጥ ይመጠጣል፤ ቡናና ሻይ፣ ወተትም፣ ይከለክሉታል። ማዕድ ሲነሣ አቦሉ ይቀርባል፤ ክኒኑም በቡናው ይወራረዳል! እንዲህ የተዋጠ ብረት አብዛኛው በከንቱ ይሄዳል። ቢያንስ ከቡናው አንድ ሰዓት አስቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ቢወሰድ ይሻላል። ሆዳቸው የማይችል ከጥቂት ምግብ ጋር ይውሰዱት፤ ጥቂት ቢጎድልበትም ከመተው ይሻላልና። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ሰዎች እራት ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከመተኛታቸው ጥቂት ቀደም ብለው ቢወስዱት ይመቻቸዋል። ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን ስለ ጾሙ ራሱ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ይገባል፤ ጸንቶ ለመጾም ሲሉ ሕመማቸውን የሚሸሽጉ እናቶችን አይተናልና።

ጤፋችን ብረት ሞልቶታል የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረቱን ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይህ ይቀንሳል፤ ከሽሮው ጋር ጥሬ ቃሪያ መብላትም ይረዳል። ደሙ አንድ ጊዜ ካነሰ ግን እንጀራ ብቻውን አይመልሰውም።

ማቅለሽለሽ የጸናባቸው ሰዎች ሐኪማቸውን የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ከዙሪክ የወጣ ጥናት፣ ብረት ባነሳቸው ወጣት ሴቶች ላይ እንዳሳየው፣ አንድ ቀን እያለፉ የሚወሰድ ብረት በየቀኑ ከሚወሰደው ይልቅ ከእያንዳንዱ ክኒን በበለጠ ይመጠጣል። ምክንያቱም ክኒን በተዋጠ ማግስት ሄፕሲዲን የሚባለው የሰውነት ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ የብረቱን በር ያጠብባል። ነፍሰ ጡሮች ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ትእዛዛቸውን አይለውጡ። ለሆድ ድርቀት ውኃ ማብዛት፣ ጎመንና ተልባም ይጠቅማሉ። ለልጆች በፈሳሽ የሚሰጠው ጥርስ ያጠቁራልና ወደ ምላስ ጀርባ ይጨመር፤ አፋቸውንም ይጉመጥመጡ።

የታይሮይድ መድኃኒት ወይም እንደ ቴትራሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ማራራቅ አለበት። ደም መርምሮ ሳያረጋግጡ ብረት መዋጥም መልካም አይደለም። መንሥኤው የአንጀት ትል፣ የወር አበባ መብዛት፣ የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ወንዶችና አረጋውያን ደም አንሷቸው ክኒን ብቻ ተቀብለው መመለስ የለባቸውም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብርታት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ድኛለሁ ብለው ይተዉታል። ነገር ግን የደሙ መጠን ከተስተካከለ በኋላ የሰውነት ጎተራ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ይገባል።

ያች እናት ዛሬ ሁለተኛዋን ፀንሳለች። ክኒኑን ማታ በሎሚ ውኃ ትወስደዋለች፤ ሰገራዋ ሲጠቁርም አልደነገጠችም። ዕቃውን ግን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውጥታዋለች። የበኩር ልጇ ከረሜላ መስሎት ቢውጥ ጥቂት ፍሬ እንኳ ሕፃን ሊገድል እንደሚችል የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ነግሯታልና።