ጊዜው ሳይደርስ ስለሚወለድ ሕፃን ምግብ

በዚህ ዓምድ ዛሬ የምንናገረው 37 ሳምንት ሳይሞላው ስለሚወለድ ሕፃን ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን ያየ ሁሉ በትንሽነቱ ያዝንለታል፤ ነገር ግን በዓይን የማይታይ ሌላ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም የስንቁ ማነስ ነው።

ስንቅ ያልነው ማዕድንን ነው። አጥንት የሚጸናበት ካልሲየምና ፎስፎረስ፣ ደምም የሚሠራበት ብረት ከእናቲቱ ወደ ፅንሱ በብዛት የሚተላለፉት በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው። በቀኑ የሚወለድ ሕፃን ካለው ካልሲየም ከ100 እጅ 80 ያህሉን የሚሰበስበው በዚያ ጊዜ ስለ ሆነ፣ በ7ኛው ወር የተወለደው ስንቁ ሳይጫንለት ከቤቱ እንደ ወጣ መንገደኛ ነው።

ከተወለደም በኋላ በእትብቱ ይመጣለት የነበረውን በአንጀቱ ሊቀበል ይገደዳል። አንጀቱ ግን ከጠባው ፎስፎረስ አብዛኛውን ሲወስድ፣ ከካልሲየሙ የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ሁለቱም እንደ ጥንድ በሬ ናቸው፤ ፎስፎረስ ሲጐድል ካልሲየሙ በአጥንት ላይ ሊያርፍ አይችልምና በሽንት ይወጣል። በማኅፀን ሳለ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 100 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይቀበል ነበር፤ ከእናቱ ወተት ብቻ ግን ግማሹን እንኳ አያገኝም። ጉድለቱ ሲበረታም አጥንቱ ሳስቶ በቀላሉ እስከ መሰበር ይደርሳል።

ይህን ማለታችን የእናት ወተት ይቅር ለማለት አይደለም። ከደዌ የሚጠብቀው እርሱ ስለ ሆነ ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ1 ኪሎ ተኩል በታች ለሚመዝነው ሕፃን ከእናቱ በታለበው ወተት ላይ ማዕድን ያለበት ማበልጸጊያ ይጨምሩበታል፤ ቫይታሚን ዲና ብረትም በመጠን ያዝዙለታል። አዋላጅም እትብቱን ከመቍረጧ በፊት ቢያንስ 1 ደቂቃ ብትታገሥ፣ ወደ ሕፃኑ የሚፈሰው ደም የብረት ስንቅ ይሆንለታል።

በአገራችን ሕፃን እንደ ተወለደ ቅቤ ማዋጥ የቈየ ልማድ ነው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ቅቤ ስብ ነው እንጂ አጥንት የሚሠራ ማዕድን እምብዛም የለበትም። የላም ወተትም ካልሲየሙ ቢበዛ ለጥጃ የተመጠነ ነውና የሕፃኑን ኩላሊትና አንጀት ያስቸግራል። የእናቲቱን እንገር አፍስሶ በዚህ መተካት መልካሙን ጥሎ ጐጂውን ማንሣት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በቤታችሁ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ቢኖር፣ እናቲቱ እንድታጠባው አበርቱአት፤ ወፈረ ብላችሁም ከሐኪም አታርቁት። የአጥንት ጽናት የሚታወቀው በደም ምርመራና በራጅ ነው እንጂ በጉንጭ ሙላት አይደለም።