«ማርቆስ ራሷ ፍሪጅ ናት» ለምትሉ ወንድሞች



በዚህ እትም ስለ ኮምፒውተር ሙቀት መጻፋችን ለአንዳንዶቻችሁ ግር ሊል ይችላል። ነገሩ የአማና ጉዳይ ሆኖብን ነው። ጥፋቱም የእኛ የአዘጋጆቹ ስለሆነ ከራሳችን ብንጀምር ይሻላል።

ይህ ጽሑፍ የሚዘጋጅበትን ኮምፒውተር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አምና ከየኪሳችን አዋጥተን ከመርካቶ ያስመጣነው ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ከግቢ ውጭ ተከራይተው በሚኖሩ አራት ወንድሞች ቤት ጥግ ተቀምጧል። ጽሑፍ ይተየብበታል፣ የፕሮግራሞቻችን ቪዲዮ ይቆረጥበታል፤ የመመረቂያ ሥራ ላይ ያሉ እህትና ወንድሞችም ላፕቶፓቸው የማይችለውን በፍላሽ ይልኩልናል።

ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በ3.5 ጊጋኸርዝ እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ቪዲዮ መቁረጥ ሰዓት እየበላ ሲያስቸግረን አንድ ወንድማችን ባዮስ ውስጥ ገብቶ ወደ 4.2 አሳደገው፤ ኦቨርክሎክ የሚሉት ይህንን ነው። እንዳይንገዳገድ ብሎም ቮልቴጁን ጨመር አደረገበት። ማናችንም አልተቃወምንም። «አይሞቅም እንዴ?» ያለ አንድ ሰው ነበር። «ማርቆስ ራሷ ፍሪጅ ናት!» ተባለና ሳቅን፤ አለፈ።

ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄደ። ከዚያ ውኃ ምሕንድስና የምትማር እህታችን የጨሞጋን ወንዝ ፍሰት የምታሰላበትን ሞዴል ላከችልን። ሞዴሉ የዝናቡን መረጃ ይዞ፣ ቁጥሮች እየቀያየረ፣ ያንኑ ስሌት በሺዎች ጊዜ ይደጋግማል። ሦስት ሌሊት ፈጀ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ስክሪኑም ሰማያዊ አልሆነም። ውጤቱን ደስ ብሎን በፍላሽ መለስንላት። እሷ ግን ጠንቃቃ ናትና ከመሐል አንዱን ስሌት መርጣ በጓደኛዋ ቀርፋፋ ላፕቶፕ ደገመችው። መረጃው ያው፣ ፕሮግራሙ ያው፤ መልሱ ግን ሌላ ሆነ። ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ ያለ ሽርፍራፊ ቢሆን ባልከፋ። ሥራዋን ልታቀርብ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንፈራው ሌላ ነገር ነውና። ኦቨርክሎክ ሲባል ሰው የሚፈራው ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ነው። ይህ እንኳ ብዙም አያሰጋም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ከወጣው ፔንቲየም 4 ጀምሮ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሲግሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ካልበቃም ኮምፒውተሩን ያጠፉታል። አስቸጋሪው ከዚያ በታች ያለው ነው። ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ሲሞቁ ይዘገያሉ። እኛ ደግሞ ሰዓታቸውን አፍጥነንባቸዋል። አንዱ ምልክት መድረስ ባለበት ቅጽበት ሳይደርስ ሲቀር 0 መሆን የነበረበት 1 ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ማንም አይነግራችሁም። ቪዲዮ ላይ ቢሆን አንዲት ነጥብ ቀለሟ ትሳሳት ነበር፤ ማን ያያታል? በአንዲት እህት መመረቂያ ላይ ሲሆን ግን የሰው አማና ነው ያበላሸነው።

ማታውኑ ሣጥኑን ከፈትነው። ሙቀቱን ቀደም ብለን በፕሮግራም ስናየው 97 ዲግሪ ይላል። ፋኑ እና ከሥሩ ባለው የአሉሚኒየም ክንፍ መካከል አቧራው እንደ ባዘቶ ተደምድሟል፤ በጣት ሲነሣ አንድ ላይ ተላጦ መጣ። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ሙቀት እንዲያሻግር የሚቀባው ፔስት ደርቆ እንደ አሮጌ ሊጥ ይፈረፈራል። ወንድማችን ሰዓቱንና ቮልቴጁን ሲያሳድግ ሣጥኑን ከፍቶ ያየ አልነበረም። እሱን ብቻ መውቀስም አይገባንም፤ ከገዛነው ጀምሮ ማናችንም ዊንጭት አላነሣንም።

አሁን ወደ ፍሪጁ ነገር እንመለስ። እውነት ነው፣ ማርቆስ ቀዝቃዛ ናት። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከአሳይታ የመጣችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት አትረሱትም፦ ሁለተኛ ፎቅ ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችሁ ነበር። ፋኑም እንዲሁ ነው። በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፣ የሚገፋው አየር ስፋቱም ያው ነው፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ግን በሩብ ያነሰ ነው። ትልልቅ የሰርቨር ክፍሎችን የሚያቅዱ መሐንዲሶች ይህን በሒሳብ ይይዙታል። በሰፊው በሚሠራበት አንድ መመዘኛ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። ለማርቆስ ብታሰሉት 5 ዲግሪ ይሆናል። ብርዱ ከሰጠን ላይ ይህን ያህል ተወሰደ ማለት ነው። የቀረውን ደግሞ በሩ ተዘግቶ አራት ሰው የሚተኛበት ክፍል፣ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሣጥንና የበጋ አቧራ ይካፈሉታል። ቤት ውስጥ ከሰል የሚያያዝ ወይም ዕጣን የሚጨስ ከሆነ ጭሱ አቧራውን ያጣብቀዋልና በየዋህ ብሩሽ አይለቅም።

የቮልቴጁ ነገር ደግሞ አለ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን 10 በመቶ፣ ቮልቴጁንም 10 በመቶ ብትጨምሩ ሙቀቱ 33 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለ10 በመቶ ፍጥነት የ33 በመቶ ሙቀት! በተቃራኒው ፍጥነቱን ሳትነኩ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትቀንሱ ሙቀቱ በ19 በመቶ ይወርዳል። አብዛኛው ፕሮሰሰር ይህን ትንሽ ቅነሳ ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ልክ አይችልምና ቀስ በቀስ እየቀነሱ መፈተን ያስፈልጋል። ስለዚህኛው መንገድ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም አናይም፤ የሚያስጎመጅ ቁጥር ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም።

ቮልቴጅ ቀልድ እንዳልሆነ ሠሪው ራሱ አይቶታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚታመሙ አምኗል። ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ፤ አንዴ የተጎዳውን ፕሮሰሰር ግን ማስተካከያው አያድነውም። እኛ ከመርካቶ ለገዛነው ዋስትና የሚያራዝምልን የለም።

«ታዲያ ድሃ ተማሪ ምን ያድርግ? አዲስ መግዛት አይችል፣ ያለውን ማፍጠን ነው እንጂ» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ኦቨርክሎክም የተስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ባለ 300 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ብዙዎች የማዘርቦርዱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ቀይረው 450 አደረጉት፤ በርካሽ ገዝተው የውዱን ያህል ተጠቀሙ። እኛም በራሱ ማሽን፣ በራሱ ኪሳራ፣ ሣጥኑን አጽድቶና ሙቀቱን እያየ ለሚሞክር ወንድም «አይዞህ» ነው የምንለው፤ ሰው እንዲህ ነው የሚማረው። የምንቃወመው የጋራ በሆነው ላይ ሳያስፈቅዱ፣ የሰው ሥራ ተጭኖበት እያለ መሞከርን ነው። ደግሞም «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀረፈፈበት ፕሮሰሰሩ አይደለም። የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው በኤስኤስዲ ቢቀይረው፣ ወይም ራም ቢጨምር፣ በባዮስ ከሚያገኘው እጅግ የበለጠ ለውጥ ያያል።

የእኛው እንዴት ሆነ? አቧራውን በቀለም ብሩሽ አነሣን፣ አሮጌውን ፔስት ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጠረግን፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አደረግን። ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ወደ ፋብሪካው ልክ መለስን። በሙሉ ጭነት 68 ዲግሪ። ቮልቴጁን ጥቂት ዝቅ ስናደርግ 61። የእህታችንን ስሌት እንደገና አስጀመርን፤ ሦስት ሌሊት ተኩል ወሰደ። ከመሐል ሦስት ስሌት መርጣ በላፕቶፑ ደገመች፤ ሦስቱም ገጠሙ። አልሐምዱሊላህ በቀኗ አቀረበች። ከዘጠኙ ቀን አራቱን ግን በልተንባታል፤ ዐውፍ ብላናለች፤ እዚህም በድጋሚ እንጠይቃታለን።

የላፕቶፕ ባለቤቶችም ነገሩ አይመለከተንም እንዳትሉ። ሌሊት ብርድ ሲመጣ ላፕቶፑን ጋቢ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አድርጎ ማጥናት በየዶርሙ ያለ ነው፤ እግርም ያሞቃል። ብዙው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ስለሆነ ጋቢው አፍንጫውን ይዘጋበታል። ከሥሩ ደብተር ወይም የጣውላ ቁራጭ ይበቃል። አንዳንዱ ደግሞ በፔስት ፋንታ የጥርስ ሳሙና የሚቀባ አለ። ለቀናት የሠራ ይመስላል፤ ውኃው ሲደርቅ ከቀድሞው ይብሳል።

ስለዚህ ቃል ብቻ አይሁን ብለን አንድ ነገር አስበናል። በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ የአባላትን ኮምፒውተር እንከፍታለን፣ እናጸዳለን። ሥራውን የሚያውቁ ወንድሞች ፈቃደኛ ሆነዋል። የእህቶች ደግሞ በማግስቱ እሑድ በእህቶች በኩል ይሆናል፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ ሁለት እህቶች ይዘውታል። ፔስቱን ጀማዓው ይገዛል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ስክሪኑን ትታችሁ ሣጥኑን ብቻ አምጡ። ከመምጣታችሁ በፊት ፋይላችሁን በፍላሽ ገልብጡ፤ እጅ ሊሳሳት ይችላል። ራሳችሁ የምታጸዱም ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በብሎወር ሲነፋ ከመጠን በላይ እየፈጠነ ይበላሻል።

የመጀመሪያው የሚጸዳው የጋራው ዴስክቶፕ ነው። ባዮሱ ላይም የይለፍ ቃል ተደርጓል፤ ሊሞክር የሚፈልግ ወንድም መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ ይናገር፣ ወረፋ ይዞ ሥራ የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩንም ይጠይቅ።