ስለ ቤት አያያዝ፤ ኦርኪድን በቤት ውስጥ ስለ መጠበቅ

ለቤት ጌጥ ከሚሆኑት አትክልቶች መካከል ኦርኪድ የተባለው አበባ በመልኩ ውበት እጅግ የተመሰገነ ነው። ለሠርግና ለልደት በስጦታ ሲሰጥም እናያለን። ነገር ግን በብዙ ቤት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ምክንያቱን የመረመርን እንደ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከመረሳት ሳይሆን ውሃ ከማብዛት የተነሣ ነው። እመቤቲቱም፥ ሠራተኛዪቱም፥ ልጆቹም በየፊናቸው ሲያጠጡት ሥሩ ይበሰብሳልና።

ስለዚህ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ይገባል። በየቤቱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ፋላኖፕሲስ የሚባለው ወገን ነው። ስሙን በ1825 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ያወጣለት ካርል ሉድቪግ ብሉም የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆን፥ ትርጓሜው በግሪክ ቋንቋ የእሳት እራት የሚመስል ማለት ነው። የትውልድ ስፍራው እንደ ፊሊፒንና እንደ ኢንዶኔዢያ ያለ ሙቀትና እርጥበት የበዛበት አገር ነው። በዚያም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ፥ ሥሩን ለነፋስ ሰጥቶ ይኖራል፤ ከዛፉ ግን ምግብ አይቀማም። በእኛም አገር በከፋና በኢሉባቦር ደኖች እንዲሁ በዛፍ ላይ የሚኖሩ የኦርኪድ ወገኖች አሉ።

እንግዲህ ሥሩ አየር የሚሻ ስለ ሆነ በአፈር መትከል እርሱን ማፈን ነው። የሚስማማው ተሰባብሮ ከጥቂት ከሰል ጋር የተደባለቀ የዛፍ ቅርፊት ነው። የሚተከልበትም ዕቃ ታችኛው የተበሳ ይሁን።

ውሃ የሚፈልግበትን ጊዜ ሥሩ ራሱ ይናገራል። አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ጠግቧል፤ ነጣ ብሎ ብር ሲመስል ተጠምቷል። ይህም ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፤ በክረምት ይረዝማል። በሚያጠጡበትም ጊዜ ለብ ያለ ውሃ በቅርፊቱ ላይ ማፍሰስና ፈጽሞ እስኪንጠፈጠፍ መጠበቅ ነው እንጂ በሳሕን ውሃ ውስጥ መተው አይገባም። በቅጠሎቹ መካከል የቀረውንም ውሃ በጥጥ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልቡ ይበሰብሳል።

ስፍራው የጧት ፀሐይ በስስ መጋረጃ የሚገባበት መስኮት ቢሆን መልካም ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ቀን ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። በደጋ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ማታ ከመስታወቱ ራቅ ማድረግ ይገባል። ሆኖም ለጥቂት ሳምንታት የሌሊቱ አየር ወደ 16 ዲግሪ ዝቅ ቢል አዲስ የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ ይረዳዋል። ደግሞም ከበሰለ ሙዝና ከሌላም ፍሬ፥ ከጢስም አጠገብ አይቀመጥ። ከእነዚህ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ እንቡጡን ያረግፋልና።

አበባው ሁለት ወይም ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ሲረግፍ ብዙ ሰዎች ሞተ ብለው ይጥሉታል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ቅጠሉና ሥሩ ጤነኛ ከሆኑ ማረፉ እንጂ መሞቱ አይደለም። ዘንጉ የደረቀ እንደ ሆነ በእሳት በነጻ ቢላዋ ከግርጌው ይቈረጥ። አረንጓዴ ከሆነ ግን ከታች ከሦስተኛው አንጓ በላይ ቢቈርጡት ዳግመኛ ሊያብብ ይችላል። በየሁለት ዓመቱም ቅርፊቱን መለወጥና ጠቍሮ የላላውን ሥር ማስወገድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አንባቢዎቻችንን የምንመክረው፥ የማጠጣቱ ሥራ በቤተ ሰቡ መካከል ለአንድ ሰው ብቻ፥ ይልቁንም ለአንድ ልጅ እንዲሰጥ ነው። ልጁ በየሳምንቱ የሥሩን መልክ አይቶ ማጠጣትን፥ ያልተጠማውንም አለማጠጣትን ይማራል። አበባ የሌለበትንም ወራት ታግሦ ከጠበቀ በኋላ አዲሱ ዘንግ ብቅ ሲል የሚያገኘው ደስታ በገበያ ከሚገዛው አበባ የሚበልጥ ይሆናል።