ባሕረ ሐሳብና ኮከብ ቆጠራ ይለዩ

በጎንደር ከተማም ሆነ በደባርቅና በዳባት ደጋ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ካለቀ በኋላ ጋብቻ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል። ልጅቱ ምን አጠፋች፣ ልጁስ ምን ጎደለው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰማይ ፈረደ ከተባለ ይግባኝ አይኖርም።

ሰማዩ ግን በዚህ ፍርድ እጁ የለበትም። አውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ሥርዓት የጠያቂው ስምና የእናቱ ስም ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ይለወጣል። ድምሩ በ12 ይገደፋል። አንድ ቢቀር ሐመል፣ ሁለት ቢቀር ሠውር፣ ሦስት ቢቀር ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይደርሳል። ሐመል እሳት፣ ሠውር መሬት፣ ገውዝ ነፋስ፣ ሸርጣን ውሃ ናቸው፤ እሳትና ውሃ ከተገናኙ ትዳሩ አይጸናም ይባላል። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ጨረቃ ዛሬ የት እንደዋለች፣ ዙሐል (ሳተርን) ወይም መሽተሪ (ጁፒተር) በየትኛው የሰማይ ክፍል እንዳሉ የሚጠይቅ ቦታ የለም። ወላጆቹ ሌላ ስም ቢያወጡለት ኖሮ የዚያ ሰው ኮከብም ዕጣም ሌላ ይሆን ነበር።

ይህ ኮከብ ቆጠራ በሚሠራበት ደብር፣ አንዳንዴም በዚያው ሊቅ እጅ፣ ሌላ ስሌት አለ፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የአብነት ተማሪ በቃሉ ያጠናዋል፣ በጣቱ ይቆጥረዋል። የ2018 ዓ.ምን በዓላት ለማግኘት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ደምሮ 7518 ይላል። ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱ ስለ ዘመን ይቀነስና ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ ካልሞሉ ተማሪው ተሳስቷል ማለት ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ጭማሪ) 7። 18ና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ሆነ፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። በ25 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርና 30ው ሲገደፍ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይሆናል።

ከዚህ ስሌት ጀርባ እውነተኛ የሰማይ ዑደት አለ። 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት የሚለያዩት በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ንዑስ ቀመር የተባለው የ19 ዓመት ዑደት የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ አራቱ ተደምረው 76፣ ያ ደግሞ ሰባት ጊዜ ሲደጋገም 532 ዓመት፣ ማለትም ዐቢይ ቀመር ይሆናል። ማንም ሰው ስሌቱን ይዞ ጨረቃን ጠብቆ መፈተሽ ይችላል። የጋብቻውን ትንቢት በምን ያረጋግጠዋል? ትዳሩ ቢፈርስ «ተብሎ ነበር» ይባላል፤ ቢጸና ደግሞ የሚያስታውሰው አይኖርም።

የጎንደር ታሪክ ራሱ ይህን ልዩነት ቀድሞ አሳይቷል። በ1682 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያን 1689 መሆኑ ነው፣ በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ረጅም ጭራ ያለው ኮከብ በጎንደር ሰማይ ታየ። ንጉሡ ለዘመቻ ሊነሡ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ መዘገበው፣ ትንቢት ተናጋሪዎች የዚያ ዓመት ዘመቻ በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቶ የማያውቅ ደም መፋሰስ እንደሚያመጣ አወጁ፤ ሕዝቡም ተሸበረ። ንጉሡ ግን ከዘመቻቸው አልቀሩም። ብሩስ ያንኑ ኮከብ ለሌላ ሥራ አዋለው። አውሮፓውያን ከመዘገቡት ጋር አመሳክሮ የኢትዮጵያ ዜና መዋዕል የዘመን አቆጣጠር ትክክል መሆኑን መረመረበት። ከዚያ ኮከብ ለታሪክ የተረፈው ጥቅም ቀኑ ነው።

ከዚያ በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጊዜ በሰማይ የታየው ብርሃን የበረከት ምልክት ተደርጎ ተወስዷል፤ ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጭራ ኮከብ ነው ይላሉ። እንግዲህ አንዱ የሰማይ እንግዳ ምሕረት፣ ሌላው መዓት ተባለ። ትርጉሙን የሰጠው የሰዉ ተስፋና ስጋት እንጂ ኮከቡ አልነበረም።

ኮከብ ቆጠራ የአባቶች ሃይማኖታዊ ዕውቀት ነው ለሚሉ ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ መልስ አለው። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ብሩስም ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ወስዷል። መጽሐፉ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ በሮች እየወጣች በስድስት የምዕራብ በሮች እንዴት እንደምትገባ፣ ጨረቃም እንዴት እንደምትሞላና እንደምትጎድል በዝርዝር ያስተምራል። በከዋክብት መጠንቆልን ግን የወደቁት መላእክት ለሰው ልጆች ካስተማሯቸው ክፉ ነገሮች ጋር ይቆጥረዋል። የሰማይን ሥርዓት መመርመር ይፈቅዳል፤ ከሰማይ ዕጣ ማውጣትን ያወግዛል።

ዛሬ ነገሩ ከደብተራ ቤት ወጥቶ ስልክ ላይ ገብቷል። የጎንደር ወጣት «ሜርኩሪ ወደ ኋላ እየሄደ ስለሆነ ውል አትፈራረም» የሚል ምክር ያነባል። ሜርኩሪ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። የሚመስለው እሱም ምድርም ፀሐይን በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ፕላኔት የለም። ጁፒተር ፀሐይን በ12 ዓመት ገደማ፣ ሳተርን በ29 ዓመት ተኩል ይዞራሉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም እሑድ ማለዳ ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ፣ ጎንደርም ፀሐይዋ በአብዛኛው ተሸፍና ሲያያት፣ ሰዓቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። አስቀድሞ የተነገረ የሰማይ ነገር በሰዓቱ ሲፈጸም እንዲህ ነው።

ወደ ኮከብ ቆጣሪ የሚሄድ ሰው ሞኝ ስለሆነ አይሄድም። ልጁ የታመመበት፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ሰው የጠፋበት ነው፤ የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል። ብዙ አዋቂዎችም ጠያቂውን አጽናንተው ይሸኛሉ። ሆኖም ማጽናናት አንድ ነገር ነው፤ በስም ድምር ሁለት ወጣቶችን መለየት፣ የታመመን ሰው ከሐኪም ማዘግየት ወይም ጎረቤትን በጎረቤት ማስጠርጠር ሌላ ነው። ለዚህኛው ጉዳት የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

አውደ ነገሥት ይቃጠል የሚል የለም፤ የድሮ ሰው ምን ያምን እንደነበር የሚያሳይ ቅርስ ነውና በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ ይጠና። ባሕረ ሐሳብ ግን ከቅርስነት በላይ ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ የሚሠራበት ዕውቀት ነው። ኢትዮጵያ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አላት፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዘመቻ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተብለው የተሰየሙት በእሷ ነው። ይህን ያህል የሄደች አገር የገዛ ሊቃውንቷን ስሌት ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ውጭ ማስቀረት የለባትም። የጎንደር የሒሳብ መምህራን አበቅቴንና መጥቅዕን የአካፍሎ ቀሪ ሲያስተምሩ በምሳሌነት ያምጧቸው፤ የአብነት መምህራንንም ክፍል ድረስ ይጋብዙ። ወላጆችም ልጆቻቸው ሊጋቡ ሲሉ ስለ ጠባይ፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ይጠይቁ፤ የስማቸውን ድምር ይተዉት።